ሶክ ህዋ ዓይኗን የከፈተችበት እንጨት

ፔናንግ፤ 1940፣ በጨረቃ አቆጣጠር ሦስተኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን

ለወንድሜ ልጅ ለዩን ፌን

ይህች ወረቀት በደህና እጅሽ ትግባ። የጃፓን አውሮፕላን ሁሉ ቦምቡን ባዶ ሜዳ ላይ ያራግፍ፤ አባትሽና አያቶቻችን ካሉበት ሆነው ዓይናቸውን ከአንቺ ላይ አይንቀሉ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ዝናብና ንፋስ ሲበዛ ጃንጥላ ይሰበራል፣ ጃንጥላ ሲሰበር እኔ ራቴን እበላለሁ። እዚህ ደግሞ ዝናብ ጠፍቶ አያውቅም።

ሰላምታውን በዚሁ ልቁረጠው፤ የሚጽፍልኝ የማኅበራችን ጸሐፊ ቸኩሏል።

ባለፈው እሑድ በማኅበራችን አዳራሽ ለአገር ቤት ስደተኞች መርጃ ተብሎ ስዕል ተሰቅሎ ነበር። ከጉይሊን የመጣ፣ በእንጨት ተቀርጾ በወረቀት የታተመ ጥቁርና ነጭ ስዕል ነው። እኔ መቼ እንዲህ ያለ ቦታ እሄዳለሁ? ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው የጎተተኝ። «ና እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ከሽቦህ ቀና በል» ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ገባን። የተቃጠለ ቤት፣ ልጅ የታቀፈ ሽማግሌ፣ የወንዝ ዳር ሬሳ። ከበሩ አራተኛው ላይ ስደርስ ጮህኩ።

ሶክ ህዋ ናት። ሚስቴ ናት። መንገድ መሃል ቆማ፣ የተጠቀለለ ሰሌን በትከሻዋ ተሸክማ፣ ከኋላዋ ጭስ አለ። ቀጥ ብላ ታየኛለች። ሻሿን የምትቋጥረው እንደ ሌላው ሴት ከአገጯ ሥር አይደለም፤ ከጆሮዋ ኋላ ነው። ያ የአሣ መረብ ጉትቻዋን ይዞ የቀደደው ጆሮዋም አለ። ብቻ የሶክ ህዋ የተቀደደው ቀኙ ነው፤ የስዕሉ ግራው ሆነብኝና ሌላ ሴት ትሆን እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት አጠገቤ ቆሞ ነበር። «አባባ፣ ከእንጨት ወደ ወረቀት ሲታተም እኮ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል» አለኝ። ይባርከውና ትንፋሼን መለሰልኝ።

ከሥሩ ያንቺ ስም ተጽፏል። ቀኑም ተጽፏል፣ ያለፈው ዓመት አሥረኛ ወር ይላል። አንቺ ደግሞ ጃፓኖች ሻንቶው ከተማችን የገቡ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት በአምስተኛው ወር፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ በሰው ግፊያ ተጠፋፋን ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ አይተሻታል ማለት ነው። የት ነው ያየሻት? ምን አለችሽ? ለምን አልነገርሽኝም? ከእኔ ጋር ተኳርፋ አትንገሪው ብላሽ ከሆነ ግድ የለም፤ መብቷ ነው። ያለችበትን ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ጎህ ሲው ቲን


ጉይሊን፤ 1940፣ ስድስተኛው ወር፣ ሁለተኛው ቀን

ለተከበሩ አጎቴ

ከጉልበትዎ ሥር ተንበርክኬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤና ይብዛልዎ፤ ሱቅዎ ደንበኛ አይጣ። ደብዳቤዎ ሁለት ወር ከግማሽ ፈጅቶ ደረሰኝ። መልሴም የዘገየው መንገዱ ስለተዘጋጋ ነው።

እኔ በሕይወት አለሁ። የአውሮፕላን ደወል ሲደወል ከተማው ሁሉ ወደ ዋሻ ይገባል፤ እኛ የምንቀርጽበትን የእንጨት ሰሌዳ ታቅፈን እንሮጣለን። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ ባለፈው ጫማዋን ትታ ሰሌዳዋን ይዛ ገብታ መምህር ሻኦ ሳቁባት። መምህር ሻኦ የምንሠራበት የስዕል ማኅበር ኃላፊ ናቸው። ጥብቅ ሰው ናቸው፣ ግን ያበሉናል። ቀለሙን ራሳችን ከኩራዝ ጥላሸትና ከዘይት እንሠራዋለን። ባለፈው ዓመት ከላኩልኝ የጃንጥላ ሽቦ አራት መቅረጫ አወጣሁ፤ ሽቦውን ሰንጥቀን ጫፉን ድንጋይ ላይ ስናሾለው ከገበያ መቅረጫ ይበልጣል። ሁለቱ ተሰበሩ። ቢተርፍዎት ትንሽ ቢልኩልኝ።

ስለ ስዕሉ የጠየቁኝን በተመለከተ፤ በእርግጥ አክስቴን አስቤ ነው የሠራሁት። ነገር ግን ከትዝታዬ ነው። መንገድ ላይ ያየኋቸው ሌሎች ሴቶችም አሉበት። ከሥሩ ያለው ቀን የታተመበት ቀን ነው እንጂ እሷን ያየሁበት ቀን አይደለም። ይህን ቀደም ብዬ አለማስረዳቴ ጥፋቴ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ዜና ካገኘሁ እጽፍልዎታለሁ። እስከዚያው ራስዎን ይጠብቁ። እዚህ መምጣትን አያስቡ፤ መንገዱ ለወጣትም አይሆንም።

ታዛዥ የወንድምዎ ልጅ ዩን ፌን


ፔናንግ፤ 1940፣ ስምንተኛው ወር፣ ሃያኛው ቀን

ለዩን ፌን

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የተኛሽበት ጣራ አይፍረስ፣ የያዝሽው እንጀራ ከእጅሽ አይነጠቅ። ሽቦውን ልኬልሻለሁ፣ ሠላሳ ስድስት ነው። የእንግሊዝ ጃንጥላ ሽቦ ነውና ቶሎ አይሰበርም። የጃፓን ጃንጥላ ሽቦም ነበረኝ፤ እሱን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ልብስ ሰፊው «ሽቦ ምን አጠፋ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ደግሞ አንቺ ትሰሚኛለሽ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለጥቂት ነው፤ ግን ሞኝ አይደለሁም። ከትዝታዬ ነው አልሽኝ። እሺ። ሰሌኑስ? ሶክ ህዋ ከቤት ስትወጣ የያዘችውን በመጀመሪያ ደብዳቤሽ አንድ በአንድ ዘርዝረሽልኛል። የሩዝ ከረጢት፣ ድስት፣ የአያቴን ብርድ ልብስ። ሰሌን አልነበረም። ሰሌን የሚሸከም ሰው መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ነው። ከተጠፋፋችሁ በኋላ ካላየሻት ሰሌኑን ከየት አመጣሽው? ሰው ከሐሳቡ ሰሌን አይፈጥርም።

እንግዲህ ስዕሉን ገዛሁት። ሁለተኛ ቅጂ ነበራቸው። ሱቄ ውስጥ ከመሥሪያ ወንበሬ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ስከፍት ታየኛለች፣ ስዘጋም ታየኛለች። ደንበኛ ገብቶ «ማናት?» ሲለኝ «ሚስቴ ናት፣ እየመጣች ነው» እላለሁ። አንዲት ባልቴት ጃንጥላዋን ጥላ አለቀሰች፤ ልጇ እዚያው አገር ቀርቶባታል። ያንቺ እንጨት ስንቱን እንደሚያስለቅስ አታውቂም።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» አልኳት። በየዓመቱ አልኳት። አንድ ዓመት ጣራው፣ አንድ ዓመት ወባ፣ አንድ ዓመት ደግሞ እንዲሁ ሰነፍኩ። አሁን ግን ወስኛለሁ። የሱቁን ቁልፍ ለልብስ ሰፊው እሰጣለሁ። ከአዲስ ዓመት በኋላ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ በሚነሳ መርከብ ሆንግ ኮንግ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በእግርም ቢሆን። ስዕሉን ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ በየሻይ ቤቱ እየዘረጋሁ «ይህችን ሴት ያየ?» እላለሁ። ጃፓኖች በያዙት በኩልም ቢሆን አልፋለሁ፤ ሽማግሌ ጃንጥላ ጠጋኝ ምን ያደርጋቸዋል?

አንቺ ካልነገርሽኝ መንገዱ ይነግረኛል።

አጎትሽ


ጉይሊን፤ 1940፣ አሥራ አንደኛው ወር፣ ሦስተኛው ቀን

ለተከበሩ አጎቴ

እንዳይሳፈሩ። እባክዎ፣ በአባቴ መቃብር ይዤዎታለሁ፣ እንዳይሳፈሩ። ሰላምታውን በወጉ ላደርስ ይገባኝ ነበር፤ ግን ይህን ቃል አስቀድመው እንዲያነቡት ብዬ ነው። ደብዳቤውን ከጨው ነጋዴዎች ጋር ልኬ በሌላ መንገድ ደግሞ ሁለተኛ ግልባጭ ልኬያለሁ። አንዱ ይደርሳል።

አክስቴ ሞታለች። ወንዙ መሻገሪያ ላይ አልተጠፋፋንም። እሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ቀን አብረን ሄድን። በዘጠነኛው ቀን ከሜይሺየን በታች አንድ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ጋ ስንደርስ እግሬ ውኃ ቋጥሮ መራመድ አቃተኝ። «እንረፍ» አልኩ። እሷ «ድልድይ ጋ አይታረፍም፤ እነዚህ ሰዎች ድልድይ ይወዳሉ፣ ትንሽ ራቅ እንበል» አለችኝ። እኔ እንደ ሕፃን ተነጫነጭኩ። «አንዴ ብቻ፣ አንዲት ደቂቃ» አልኳት። ሳቀችና «የከተማ እግር» አለችኝ። ተቀምጣ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በፀጉር መርፌዋ ውኃውን ታፈስልኝ ጀመር። ያኔ ነው አውሮፕላኑ የመጣው። አንድ ብቻ ነበር። ዝቅ ብሎ መጣ። እሷ እግሬ ላይ ተደፋች፤ ጥይቱ ሁሉ በእሷ ቀረ። እኔን አንድም አልነካኝም።

ፀሐይ አናት ላይ እስክትሆን ቆየች። «እግርሽን ውኃ እንዳታስነኪው» ነው ያለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ስለ እርስዎም አልተናገረችም፤ ብዋሽልዎ ደስ ባለኝ፣ ግን ከእንግዲህ አልዋሽዎትም። ዓይኗን ራሷ ነው የጨፈነችው።

ሦስት የጨው ተሸካሚዎች ደረሱልኝ። አንደኛው ሌሊት የሚተኛበትን ሰሌን አውጥቶ «በዚህ ጠቅልያት፣ እኔ ሌላ እሠራለሁ» አለኝ። ሰሌኑ ያ ነው። እነሱ ከድልድዩ በላይ ባለው የብርቱካን ተክል ዳር ሲቆፍሩ እኔ ተቀምጬ ሳልኳት። ለምን ብለው እንዳይጠይቁኝ፤ እኔም አላውቅም። እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው።

ለእርስዎ ስጽፍ «እንረፍ ያልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። እሱን ላለመጻፍ ስል መሻገሪያውንና ግፊያውን ፈጠርኩ።

እዚህ ስደርስ መምህር ሻኦ ንድፌን አዩ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ግን የተኛች ሴት ስናሳይ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አቁሚያት። ዓይኗን ክፈቺው። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ቀና ብላ ስታየው ነው ልቡ የሚነካው፤ ሺህ ሰው በዚያ ይበላል።» እውነታቸውን ነው። ሺህ ሰው በልቶበታል። ንድፉን ሰሌዳው ላይ በሙጫ ለጠፍኩት፤ አሠራራችን እንዲያ ነው፣ ወረቀቱ ከላይ ሆኖ አብሮ ይቀረጻል፣ ይጠፋል። ሰሌኑን ከላይዋ አንስቼ ትከሻዋ ላይ አደረግሁት። አቆምኳት። ዓይኗን ለመጨረሻ ተውኩት። በእኛ ሥራ የተጨፈነ ዓይን አንድ ቀጭን መስመር ነው። ለመክፈት ግን መቆፈር አለበት፣ የተቆፈረ ደግሞ አይሞላም። ቆፈርኩት፣ በላኩልኝ ሽቦ።

አጎቴ፣ ከእንግዲህ የሚፈልጉት ሰው መንገድ ላይ የለም። የፈለጉትን ይስደቡኝ። ብቻ እንዳይሳፈሩ።

ዩን ፌን


ፔናንግ፤ 1941፣ አራተኛው ወር፣ አሥረኛው ቀን

ለዩን ፌን

ጤና ይስጥሽ። ያደርሽበት ቤት ደህና ይሁን።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሻንጣዬን ከዘጋሁ በኋላ ነው፤ ለመሳፈር ስድስት ቀን ሲቀረኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ ራሱ ይዞልኝ መጣ። አነበበልኝ። ከዚያ «ሻንጣውን አውርደው» አልኩት። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምጽፈው ሁሉ ስድብ ሆኖብኝ ነው። ሦስት ጊዜ አስጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ።

ስለ እግርሽ አልቆጣሽም። ይህን በደንብ አንብቢው። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ ደክሞሽ ነበር። እሷም የተቀመጠችው ፈልጋ ነው፤ ሶክ ህዋን ማንም አስገድዶ አስቀምጧት አያውቅም። የመሻገሪያውን ውሸትም ትቼዋለሁ። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ዋሽቻታለሁ።

የማልችለው ዓይኗን ነው።

ደብዳቤሽ በመጣ በማግስቱ ስዕሉን አወረድኩ። ለሞተ ሰው የወረቀት ልብስ፣ የወረቀት ቤት እንደምናቃጥለው አቃጠልኩት፣ ይድረሳት ብዬ። አመድ ሆነ። ልቤ ግን አላረፈም። በሕልሜ ትመጣለች፣ ሰሌኗን ተሸክማ፣ ቆማ። «ተቀመጪ» እላታለሁ፤ አትቀመጥም።

መንገዳችን ጥግ ላይ የአማልክት ምስል የሚጠርብ ሽማግሌ አለ። ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ አፉ ክፉ ነው፣ ሥራውን ግን ያውቃል። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

«ወረቀቱን አቃጠልክ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ወረቀት ምን ይሠራልሃል? ወረቀት ጥላው ነው። ዓይን የተከፈተው እንጨቱ ላይ ነው።» መጥረቢያውን አስቀመጠ። «እኔ ሃምሳ ዓመት ስጠርብ ዓይኑን ራሴ ከፍቼ አላውቅም። የቤተ መቅደሱ አዋቂ መጥቶ፣ ቀኑ ተመርጦ፣ ጸሎቱ ደርሶ ነው የሚከፈተው። ምክንያቱም ሲከፈት መንፈስ ይገባል። ያቺ ልጅ ያለ ጸሎት ከፍታዋለች። ሚስትህ ገብታለች፣ የሚያስቀምጣት ደግሞ የለም።»

«ምን ይሻላል?»

«እንጨቱን አምጣ። አዋቂው ይጨፍንላታል። ከዚያ ከሞቱት አያቶችህ ስም ሰሌዳዎች ጋር ታርፋለች፣ ለሙታን የሚቀርበውን ሩዟንም ታገኛለች።»

ትምህርት ቤት ስለገባሽ በዚህ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ። ግን እንጨቱን ላኪልኝ። የጠየቅኩሽ ነገር ብዙ ነበር፤ ያለችበትን ንገሪኝ ብያለሁ፣ ፈልጊልኝ ብያለሁ። ያን ሁሉ ተይው። ለመምህርሽ የሚከፈል ካለ እከፍላለሁ፣ ተንበርከኪ ካሉሽ ስለኔ ተንበርከኪ። ያ እንጨት እጄ ካልገባ ሚስቴ ለዘላለም መንገድ ላይ ቆማ ትቀራለች። ሽማግሌ እያለቀሰ ነው ብለሽ ንገሪያቸው፤ ውሸት አይደለም።

ሲው ቲን


ጉይሊን፤ 1941፣ ስምንተኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን

ለተከበሩ አጎቴ

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ይህን የምጠይቀው በእውነት ማወቅ ስለምፈልግ ነው፤ ደግሞም የሚቀጥለውን ላለመጻፍ ነው። አልዋሽዎትም ብያለሁ።

እንጨቱ የለም።

እዚህ ጥሩ እንጨት ማግኘት ጭንቅ ነው። የአንድ ስዕል እትም ሲያበቃ ሰሌዳውን በመላጊያ ልገን ሌላ እንቀርጽበታለን፤ አንዳንዱ ሰሌዳ አምስት ስዕል አልፎበታል። የአክስቴ ግን እንዳይላግ ታዝዞ ነበር፤ በደንብ ስለተሸጠ መምህር ሻኦ መቶ ቅጂ ሊያስጨምሩ ነበር። ያን የመጨረሻ ደብዳቤ ከላክሁልዎት በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። መቶ ቅጂ መቶ ከተማ ይሄዳል፣ አንድ ሌላ ባል አይቶ «ሚስቴ ናት፣ በሕይወት አለች» ይላል፣ ሻንጣውን ይዘጋል እያልኩ። መምህር ሻኦ ስብሰባ የሄዱ ዕለት መላጊያውን አነሳሁ። ማንም አላዘዘኝም። ከሻሿ ጀመርኩ። ዓይኗ ጥልቅ ስለነበረ ለመጨረሻ ነው የጠፋው፤ ፊቷ ሁሉ ሄዶ ሁለቱ ጉድጓዶች ብዙ ቆዩ። ደገምኩት፣ ሠለስኩት፣ ለሰለሰ።

ለእርስዎ ብዬ ነው ያደረግሁት። ይህን ሳስብ እብድ እሆናለሁ።

ፍቅፋቂውን የምናበስልበት ምድጃ ወሰደው። ያን ቀን ማገዶ አልነበረም፣ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፣ በእሱ የሩዝ ሙቅ ተሠራ። እኔም ራበኝና ጠጣሁ። ሰሌዳው ላይ አሁን ልጇን ወደ ጦር የምትሸኝ እናት ተቀርጾበታል፤ መምህር ሻኦ ሁለት ቀን ካኮረፉኝ በኋላ ለሌላ ሰው ሰጡት። ሰሌዳውም ከሌሎች ሰሌዳዎች ጋር ወደ ቾንግቺንግ ከተማ በጭነት መኪና ሲሄድ መንገድ ላይ ተመቶ ተቃጠለ። ስለዚህ ባዶውን እንጨት እንኳ ልልክልዎ አልችልም።

ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ አዲስ እንጨት ለምኜ አገኘሁ። የሎሚ እንጨት ነው፣ ትንሽ ነው፣ የሁለት እጅ መዳፍ ቢሆን ነው። ዓይኗን ጨፍኜ፣ አስተኝቼ፣ በመጀመሪያ እንዳየኋት ልቀርጻት ተቀመጥኩ። እዚህ አንድ የቤተ መቅደስ አገልጋይ መነኩሴ አግኝቻለሁ፣ ጸሎቱን አደርሳለሁ ብሎኛል። ነገር ግን አጎቴ፣ ፊቷ አልመጣም። ንድፉ ከሰሌዳው ጋር ሄዷል። የተሸጡት ቅጂዎች የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ እኔ የፈጠርኳት ነች፣ ያቺ የቆመችው። የተኛችውን ሸፍናብኛለች። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ፤ ዘጠኙም የማላውቃቸው ሴቶች ሆኑ።

እርስዎ ባሏ ነዎት። ይጻፉልኝ። አፍንጫዋ እንዴት ነበር? ግንባሯ ሰፊ ነው ጠባብ? ስትተኛ አፏ ይዘጋል ወይስ ትንሽ ይከፈታል? አንድ በአንድ ያጽፉልኝ፣ እኔ እንደተነገረኝ እቀርጻለሁ። አንድ መስመር እንኳ ከራሴ አልጨምርም።

ዩን ፌን


ፔናንግ፤ 1941፣ አሥረኛው ወር፣ ሃያ አራተኛው ቀን

ለዩን ፌን

በሕይወት ቆይኝ። ዛሬ ሌላ ምርቃት የለኝም።

ይህን ወረቀት ወደ ደቡብ በጭነት መኪና ለሚሸሽ ለጸሐፊው ወንድም እሰጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ በየት እንደሚደርስሽ አላውቅም። የምጽፈው በራሴ እጅ ነውና ፊደሉን ታገሺው፤ ጸሐፊው የለም።

ጥያቄሽ ከደረሰኝ ሃያ ቀን ሆነው። ያን ዕለት ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ይኼማ ቀላል ነው ብዬ ነበር። የሠርጋችንን ቀን አሰብኩ፤ ቀይ ሻሽ አየሁ፣ ከሥሩ ግን ፊት የለም። ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ አሰብኩ፤ ክንዷን አየሁ። ስትቆጣ ድምጿን እሰማዋለሁ፣ ጣቷ ላይ ያለው የመርፌ ጠባሳ ይታየኛል፣ አረማመዷን በሩቅ አውቀዋለሁ። ፊቷ ግን የለም። የማየው ያንቺን ስዕል ነው። አዳራሹ ውስጥ «ሶክ ህዋ ናት» ብዬ የጮህኩት ለካ ሻሿንና ጆሮዋን አይቼ ነው። ያቃጠልኩትም እሱን ነው። አንቺ እንጨቱን አጠፋሽ፣ እኔ ወረቀቱን፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ደግሞ የቀረውን ወሰደ። ባሏ ነኝ፤ የአፍንጫዋን ቅርጽ አላውቅም። እንዲህ ብዬ ለመጻፍ አፈርኩና ሃያ ቀን ዝም አልኩ።

ትናንት አውሮፕላኖቹ እዚህም መጡ። እዚህ ሰው አውሮፕላን አያውቅም፤ ለማየት ወደ መንገድ ወጣ። ልጆች ይቆጥሩ ነበር። እኔ ከደብዳቤሽ ስለማውቅ «ግቡ፣ ግቡ» ብዬ ጮህኩ፤ ልብስ ሰፊው «አንተ ደግሞ» ብሎ ሳቀብኝ። ቦምቡ ሲያባራ እሱን ከስፌት መኪናው አጠገብ ሞቶ አገኘሁት፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ። ገበያው እስካሁን ይነዳል። ሬሳ የሚያነሳ የለም፤ ፖሊሱም ሐኪሙም የሄደው ሄዷል።

ዛሬ ጠዋት ወጣሁና የማደርገው ስላጣሁ እየዞርኩ የሙታን ዓይን እጨፍን ጀመር። አንዱን፣ ሌላውን። የማን ወገን ነው አላልኩም፤ ማላዩንም ታሚል ሕንዱንም። ጉልበቴ እንቢ እያለኝ በእጄ እየተደገፍኩ። አሣ ተራው መግቢያ ላይ አንዲት የእኛ አገር ሴት አገኘሁ። ዘመድ አልነበራትም፣ የሚያውቃት ጠየቅኩ፣ የለም። እሷ ጋ ቁጭ አልኩና አየኋት። ሰው እንዲህ አድርጌ አይቼ አላውቅም፤ ሚስቴንም እንኳ። ይኸው እንዳየሁት እጽፍልሻለሁ።

ዕድሜዋ አርባ ይሆናል። ፊቷ ክብ ነው፣ ጉንጯ ትንሽ ጎድጎድ ያለ፣ የቀኝ ብቻ። ግንባሯ ጠባብ ነው፣ ፀጉሯ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ቅንድቧ ስስ ነው፣ ግራው መሃሉ ላይ ተቋርጧል። አፍንጫዋ አጭርና ጫፉ ደፍጠጥ ያለ ነው። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ የማሽላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፣ ታችኛው ጥርሷ ይታያል፣ አንዱ ጎድሏል። አገጯ ላይ ጥላሸት አለ፤ እሱን በእጅጌዬ ጠርጌላታለሁና አትቅረጺው።

የሶክ ህዋን ፊት ልሰጥሽ አልቻልኩም። ይህችን ሴት ሰጠሁሽ። አስተኚያት። ስሟን አላወቅሁም፣ የሶክ ህዋንም አትጻፊባት፤ የሷ አይደለም። ዓይኗን በእጄ ጨፍኜላታለሁ፤ አንቺም አትክፈቺባት።

ሲው ቲን